የበዓል ዶሮና የወፍ ጉንፋን ወሬ

የትንሣኤና የልደት ማዕድ ያለ ዶሮ ወጥ ሙሉ መስሎ እንደማይታይ የታወቀ ነው፡፡ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመዘዞም ነገሩ ይኸው ነው፡፡ በዓል ሲቃረብ የባላገሩ ሚስት ያሳደገችውን ዶሮ ለገበያ ታወጣለች፤ ባለሱቁም በርበሬውንና ሽንኩርቱን በዚሁ ሰሞን ይሸጣል፡፡ እመቤቲቱ በዶሮዋ ዋጋ ጨውና ሳሙና፣ ለልጆቿም ደብተር ትገዛለች፡፡ ስለዚህ ዶሮ ገበያ ያጣ እንደ ሆነ ጉዳቱ የዶሮ ነጋዴው ብቻ ሳይሆን የገበያው ሁሉ ነው፡፡

ይህም በ1998 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል፡፡ በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን በናይጄሪያ፣ ቀጥሎም በግብፅ መግባቱ ተሰማ፤ በሚያዝያም ሱዳን ደረሰ፡፡ በጉራጌ አገር በጉብሬ የዶሮ እርባታ ብዙ ዶሮዎች በማለቃቸው ፍርሃቱ በረታ፡፡ ናሙናው ሲመረመር የወፍ ጉንፋን አልተገኘበትም፤ ሆኖም ወሬው ከምርመራው ውጤት ቀድሞ ስለ ነበረ፣ ሚያዝያ 15 ቀን ለዋለው ትንሣኤ ዶሮ መግዛት የፈራው ሰው ብዙ ሆነ፣ በአዲስ አበባም ዋጋው ወረደ፡፡ በሽታው ሳይገባ ኪሣራው ገባ ማለት ነው፡፡

የዚህን ሥጋት ልክ ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅማል፡፡ የበሽታው ተሐዋስ የዶሮው ሥጋ ሁሉ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ይሞታል፤ በሚገባ የበሰለ ዶሮ ወጥም ሆነ እስኪጠና የተቀቀለ ዕንቁላል በዚህ በኩል አያሠጋም፡፡ አደጋው ያለው የታመመውን ዶሮ በመያዝ፣ በማረድና በመበለት ላይ ነው፡፡ በአገራችን ዶሮ በሕይወቱ ተገዝቶ በየቤቱ የሚታረድ በመሆኑ ጥንቃቄው ከድስቱ በፊት መጀመር አለበት፡፡

ባላገሩን ዘወትር የሚጎዳው ግን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ፈንግል ነው፡፡ ፈንግል አንዱን መንደር በጥቂት ቀን ባዶ ያደርጋል፡፡ ምልክቱ ከወፍ ጉንፋን ጋር ስለሚመሳሰል በዐይን አይተው ሊለዩት አይቻልም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው፡፡ የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፡፡

ከሁሉ የከፋው ልማድ ዶሮ መሞት ሲጀምር የቀሩትን አጣድፎ በርካሽ መሸጥ ነው፡፡ ሻጩ ከኪሣራ የዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በአንድ ሣጥን የገባው በሽተኛ ዶሮ የሌላውን ሁሉ አስይዞ በየመንደሩ ይበተናል፡፡ በርካሽ የገዛው ነጋዴም መንገድ ላይ የሞተበትን ሲጥል ትርፉን አብሮ ይጥላል፡፡

በሀብታም አገርም ቢሆን ይህ ችግር ቀላል አይደለም፡፡ በአሜሪካ በ2007 ዓ.ም. ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎችና ተርኪ የሚባሉት ትላልቅ የቤት ወፎች በበሽታው ምክንያት ጠፉ፤ ለምስጋና በዓል የሚቀርበው ተርኪም እንዳይጎድል ተሠግቶ ነበር፡፡ በዚያ አገር መንግሥት በትእዛዝ ለሚገደለው ወፍ ካሣ ስለሚከፍል አርቢው ቶሎ ለማስታወቅ ይተጋል፡፡ የመዘዞዋ እመቤት ግን አምስት ዶሮ ቢሞትባት ከገበያ በቀር መጠጊያ የላትም፡፡ እንድትደብቅ የሚያደርጋትም ክፋት ሳይሆን ችግር መሆኑን ማሰብ ይገባል፡፡

እንግዲህ ዶሮ ነጋዴው ሣጥኑን በየጉዞው ይጠብ፤ አዲስ የገዛውን ከነባሩ ለይቶ ያቆይ፤ ያንቀላፋና ላባው የቆመ ዶሮ በምንም ዋጋ አይግዛ፡፡ ብዙ ሞት ሲያይ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ፡፡ ጫጩት ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የላኪው አገር ከበሽታ ነጻ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት የመጣ ዕቃ ወደብ ላይ የሚቀር ነውና፡፡ ባለሱቁም የሰማውን ወሬ ለደንበኛው ከማቀበሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፡፡

ክትባቱ የሚሰጠው በዓል ሲደርስ ሳይሆን አስቀድሞ፣ ዶሮዎቹ ጤነኞች ሳሉ ነው፡፡ የመዘዞ ነጋዴዎች ተባብረው ክትባቱ በጊዜ ወደ መንደሩ እንዲደርስ ቢያደርጉ፣ የሚያወጡት ገንዘብ በአንድ በዓል ከሚደርሰው ኪሣራ እጅግ ያነሰ ይሆናል፡፡