ያልተቆጠረው ልጅ፦ የመነሻ ገንዘብ ለምትጠይቁ

ሰሞኑን የምርምር ፕሮፖዛል ጥሪ ስለወጣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ምን ርዕስ ልያዝ?» እያላችሁ ጽፋችሁልኛል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ ተመራማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ ነው። የመረጃ ሰብሳቢ አበልና ነዳጅ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አገር የሚያክል ጥያቄ ይዛችሁ አትቅረቡ። የእኔ የመጀመሪያ ፕሮፖዛል የሕፃናት ሞትን መንስኤ በሙሉ ላጥና የሚል ነበር፤ ገና ከርዕሱ ወደቀ። ገምጋሚዎቹ ልክ ነበሩ።

ጎንደር ለምንሠራ ሰዎች ግን ሌላው የማያገኘው ነገር በእጃችን አለ፤ ዳባት። ከከተማችን በደባርቅ መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትን፣ ፍልሰትን ይመዘግባል። አገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ነው ያ መዝገብ ውድ የሆነው። የመነሻ ገንዘብ ከዜሮ መዝገብ አያቋቁምም፤ ባለው መዝገብ ላይ አንዲት ቀዳዳ ፈልጎ ለመድፈን ግን ይበቃል።

ቀዳዳዋን እኔ ያገኘኋት ቢሮ ተቀምጬ አይደለም። ደጋ ላይ አንድ ቤት መጠይቅ ልንሞክር ገባን። እናትየው ምጣድ ላይ ገብስ እየቆላች ትመልስልናለች። «ስንት ልጅ ወልደሻል?» «አምስት። አምስቱም አሉልኝ፣ ተመስገን።» ጻፍን፣ አመስግነን ተነሣን። አማቷ ከመደቡ ላይ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ያን ሳይጠመቅ የሄደውን አትነግሪያቸውም?» አሏት። ማመሷን ተወች። ገብሱ ማረር ጀመረ። «ስም እንኳ ሳይወጣለት... እሱንም ይቆጥሩታል?»

እስቲ ቀኑን አስሉት። በሙያችን ጨቅላ የምንለው እስከ 28 ቀን ያለውን ሕፃን ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት። እንግዲህ የጨቅላነት ዕድሜ በሙሉ ከጥምቀት በፊት ያልቃል ማለት ነው። እናት ሳትዋሽ፣ እኛም ሳንሰንፍ፣ አንድ ሞት ከመዝገብ ይወጣል። «ስንት ወለድሽ?» ብቻ አይበቃም፤ «ተወልዶ ያለቀሰ ወይም የተነፈሰ፣ በኋላ ግን ያረፈ አለ?» ብሎ ረጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፕሮፖዛሌ ይህንኑ ብቻ ነበር የጠየቀው፦ በጥቂት ጎጦች ቤቶቹን ደግመን ብንጎበኝና ጥያቄውን ብናስተካክል ስንት ያልተመዘገበ ሞት እናገኛለን? አለፈ።

በጀቱ ላይ አንድ ነገር ልበል። የድጋሚ ጉብኝት መስመሩን እንዳትሰርዙ። «ይህ ለምን አስፈለገ?» መባላችሁ አይቀርም፤ ተከራከሩለት። የመጀመሪያው ቀን ሰው እንግዳ ያስተናግዳል፤ የልቡን የሚነግራችሁ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ በአጨዳና በውቂያ ወቅት ደግሞ ቤት ሰው አይገኝም፤ የጊዜ ሰሌዳችሁ ይህን ይወቅ። ደረሰኝ ሰብስቡ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ሳይወራረድ ሁለተኛው አይለቀቅም።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን ለወረቀት ብላችሁ አትሙሉት። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ነበር። ስለ ሞት የምትጠይቁት ሐዘኑ ያልወጣለትን ሰው ሊሆን ይችላል። እኛ ከአርባው በፊት አንሄድም፤ ያለቀሰችን እናት መጠይቅ ጨርሺ አንልም።

ገጠር ወርዶ ቤት ማንኳኳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር የጤና ትምህርት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። ተማሪዎቹም ገና ከጅምሩ በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር።

ረቂቅ ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። መግቢያውን ተዉት፤ የምትጠይቁትን ጥያቄ እናትየዋ በምትሰማበት ቋንቋ ጽፋችሁ እሱን አስቀድሙልኝ።