ኮረፌ፦ ወራት ጋን ውስጥ ተኝቶ የሚነሳው የደባርቅ መጠጥ

ዳሸን ቢራ ስሙን የወሰደው ከስሜን ተራራ ነው፤ መጀመሪያ የተጠመቀው ግን ጎንደር ከተማ ነው። የተራራው ሰው በራሱ ገብስ፣ በራሱ ጋን የሚጠምቀው ሌላ መጠጥ አለ። ኮረፌ ይባላል። ስሙን ስትሰሙ ማኩረፍ ትዝ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች መድረሳችሁን ብርዱ ይነግራችኋል። ገብስ የእህል ንጉሥ የሚባለው እንዲህ ያለ አገር ነው። ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ከእሱ ነው። ኮረፌም እንደዛው።

ታዲያ ከጠላ በምን ይለያል? በጊዜው። ጠላ ብዙ ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ኮረፌ አይቸኩልም። ገብሱ ተፈትጎ ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከዛ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ተደባልቆ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ከድፍድፉ ትንሽ ይወሰድና ውሃ ይጨመርበታል፤ አንድ ቀን ፈልቶ ይጠጣል። በቃ። ድፍድፉ የቆየ፣ መጠጡ ግን ትኩስ ነው። ስለ ኮረፌ የተጻፉ ጥናቶች በተለይ ከቅማንት ማህበረሰብ ጋር አያይዘው ያነሱታል።

ቤልጂየም ውስጥ ላምቢክ የሚሉት ቢራ አለ። በኦክ በርሜል ከ1 እስከ 3 ዓመት ያስቀምጡታል፤ አንዳንዱ ላይ ጎምዛዛ ቼሪ ጨምረው ክሪክ ይሉታል። የተገዛ እርሾ አይገባበትም፣ ከአየሩና ከእንጨቱ የሚመጣው ይበቃዋል። ኮረፌም እርሾ አይገዛለትም፤ ከእህሉና ከጌሾው ጋር አብሮ ይመጣል። ልዩነቱ የእነሱ በሚያምር ጠርሙስ ተሽጦ ዓለምን መዞሩ ነው።

እኔ የቀመስኩት ደጃፉ ላይ፣ እንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ነው። የቤቱ እመቤት፣ እማማ ልበላቸው፣ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ቀመሱ። ወጉ ነው፤ ምንም የለበትም፣ ጠጣ ማለት ነው።

መልኩ ድፍርስ ቡናማ ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት፤ የወይራ ጭስ ቀድሞ ይመጣል። አፍ ሲገባ ይጎመዝዛል፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ፣ ሲዋጥ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መሀል ላይ ግን የበሰለ ፍሬ የሚመስል ነገር አለ። ፍሬ ጨምረውበት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። የለበትም። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ሲቀይር የፍሬ ሽታ ያላቸው ነገሮችም አብሮ ይሠራል። ጉምዛዜው ደግሞ ወተት ወደ እርጎ የሚለውጡት ዓይነት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው።

(ለስላሳ መስሎ እንዳይሸውዳችሁ። የቤት ጠላ እንኳ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ይይዛል፣ ጣሳው ላይ ደግሞ የተጻፈ ነገር የለም። 21 ዓመት ያልሞላችሁ ንባቡ ይበቃችኋል።)

ጭሱ የሚመጣው ከጋኑ ነው። በግራዋ ታጥቦ በሚጨስ ወይራ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ጭሱን ይይዛል። ለሽታ ብቻም አይደለም፣ መጠጥ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይቀንሳል።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። እማማ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጋን አለ፤ አንዱ ተሰንጥቋል። አጠገቡ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። በርሜል አይሰበርም፣ ቀላል ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጠላና ኮረፌ ሸጣ ልጅ ለምታስተምር እናት ጋን ተሰበረ ማለት የወራት ድፍድፍ መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ግን ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። የሚብሰው ደግሞ አንዳንዱ በርሜል ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት መሆኑ ነው። ፕላስቲክ የነበረበትን ይመጥጣል፤ ጎምዛዛ ነገር ወራት ሲቀመጥበት መልሶ ይለቀዋል። አስር ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። የእማማ በርሜል የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ ጠይቄያለሁ።

ከሱም ቀዱልኝ። ያው ገብስ፣ ያው ጌሾ፣ ያው እጅ። ይጎመዝዛል፣ ይመራል፣ ያልቃል። ጭሱ የለም። ለቤተሰብ የሚቀዱት ከየትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ መልስ ሳይሰጡኝ ያልተሰነጠቀውን ጋን መታ መታ አደረጉት።