በምንጭ ኮዱና በጥቅሉ መካከል፦ የኤክስዜድ የኋላ በር የተደበቀበት ክፍተት

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ደህንነት የሚመነጨው ኮዱን ማንም ሊያነበው ከመቻሉ ነው የሚለው ሐሳብ በየመመረቂያ ጽሑፉ መግቢያ ላይ ይገኛል። ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሆኖም በውስጡ ያልተነገረ ቅድመ ግምት አለ፤ ይኸውም የምናነበው ኮድና በኮምፒውተራችን ላይ የሚጫነው ፓኬጅ አንድ ናቸው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዜድ ፓኬጅ ውስጥ የተገኘው የኋላ በር ይህ ግምት የት ላይ እንደሚፈርስ ስለሚያሳይ፣ ይህ አጭር ጽሑፍ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ተጋላጭነቶችን መለየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦፕንኤስኤስኤል የተገለጠው ኸርትብሊድ ከውጭ የመጣን የርዝመት ቁጥር ሳያረጋግጡ ከመቀበል የመነጨ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የተገለጠው የሎግፎርጄ ተጋላጭነት ደግሞ ወደ መዝገብ የሚገባን ተራ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ከመተርጎም የመጣ ነው። ሁለቱም የስሕተት ወይም አርቆ ያለማሰብ ውጤቶች ሲሆኑ፣ በኮድ ማከማቻው ውስጥ ለማንም በሚታይ ቦታ ተቀምጠው ነበር። የኤክስዜድ ግን ሆን ተብሎ የተተከለ ነው፤ ዋናው ማስነሻውም በማከማቻው ውስጥ አልነበረም።

ኤክስዜድ በሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ በስፋት የሚሠራ የፋይል መጭመቂያ ነው። ፕሮጀክቱን ለዓመታት የያዘው በመሠረቱ አንድ ሰው ነበር፤ ያውም ያለ ክፍያ። «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚንቀሳቀስ ተሳታፊ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ጠቃሚ ማሻሻያዎችን በትዕግሥት ሲያበረክት ቆየ። በ2022 ደግሞ ሌሎች መለያዎች ብቅ ብለው ሥራው ዘገየ፣ ረዳት ይጨመር እያሉ ኃላፊውን ይወተውቱት ጀመር። በመጨረሻ ጂያ ታን አዳዲስ እትሞችን የማውጣት ሥልጣን አገኘ።

እትም 5.6.0 በፌብሩዋሪ 2024፣ እትም 5.6.1 በማርች ወጡ። ጎጂው ክፍል በሁለቱም ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጦ ነበር። አንደኛው ክፍል ለሙከራ በተዘጋጁ የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ተሸሸገ። መጭመቂያ ሶፍትዌር የተበላሹ ፋይሎችን እንዴት እንደሚቀበል መፈተን ስላለበት፣ ትርጉም የለሽ የሚመስል የሙከራ ፋይል ማግኘት ማንንም አያስደንቅም። ሁለተኛው ክፍል ያንን ፋይል ፈትቶ ወደ ግንባታው ሂደት የሚያስገባው ትእዛዝ ነው፤ ይህ የተገኘው ለስርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ የግንባታ ልማድ ጥቅሉ በማከማቻው ውስጥ የሌሉ፣ በመሣሪያ የተፈጠሩ ፋይሎችን መያዙ የተለመደ ነው። ስለዚህ ልዩነት መኖሩ ብቻውን ጥርጣሬ አይፈጥርም። በእኔ አመለካከት ከሁሉም ብልሃቶች ይህ ይበልጣል፤ ጥቃቱ የገባው ሕግ በመጣስ ሳይሆን በልማድ በኩል ነውና።

ከዚህም በላይ ኮዱ የሚነቃው በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ፣ የዴቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ በሚገነባበት ጊዜ ብቻ ነበር። አንድ ተመራማሪ ጥቅሉን አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ በተለመደው መንገድ ቢገነባው ንጹሕ ውጤት ያገኝ ነበር።

የመጨረሻው ዒላማ ከሩቅ ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች ነው። ኦፕንኤስኤስኤች ግን በራሱ ኤክስዜድን አይጠቀምም። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ከሲስተምዲ ጋር ለማገናኘት የራሳቸውን ማስተካከያ ሲጨምሩበት፣ የሲስተምዲ ላይብረሪ የኤክስዜድን ላይብረሪ አብሮ ይጭናል። በዚህ ጠማማ መንገድ የገባው ኮድ የቁልፍ ማረጋገጫውን ተግባር በራሱ ይተካ ነበር፤ የተወሰነ ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ሰውም ያለ ይለፍ ቃል በሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር።

ጉዳዩን ያጋለጠው የፖስትግሬስኪውኤል አበልጻጊ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መጨመሩን አስተውሎ ምክንያቱን ተከታተለ፤ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። በዚያን ጊዜ የተበከሉት እትሞች የደረሱት በአብዛኛው በሙከራ ላይ ወደነበሩ ስርጭቶች ነበር።

ይህ ለምርምር ዘዴዎቻችን ምን ይላል? በብዙ ጥናቶች የፓኬጆች ደህንነት የሚለካው የእትም ቁጥርን ከታወቁ ተጋላጭነቶች መዝገብ ጋር በማነጻጸር ነው። ይህ ዘዴ ለሎግፎርጄ ዓይነቱ እጅግ ይጠቅማል። ለኤክስዜድ ግን ሲቪኢ-2024-3094 የተባለው መለያ እስኪሰጥ ድረስ «ችግር የለም» ከማለት በስተቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ጥቅሉን ከማከማቻው ጋር ፋይል በፋይል ማነጻጸር የተሻለ ይመስላል፤ ችግሩ በመሣሪያ የሚፈጠሩት ፋይሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጋዊ የልዩነት መስመሮችን ማምጣታቸው ነው። እነዚያን ፋይሎች ከማከማቻው ተነሥቶ እንደገና መፍጠርና ከጥቅሉ ጋር የማይገጥሙትን ብቻ መለየት የፍተሻውን ስፋት በእጅጉ ያጠብበዋል። ማስነሻው በዚህ መንገድ ሊያዝ ይችል ነበር፤ በማከማቻው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፈው የተቀመጡት የሙከራ ፋይሎች ግን ፍተሻውን ያለ አንዳች ምልክት ያልፉ ነበር።