ያውቁ ኖሯል? የጄኔቩ መምህርና የሥዕል ደብተሮቹ
ዛሬ ኮሚክስ የሚባለውን፣ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የመንገር ጥበብ፣ በዘመናዊው አኳኋን ከጀመሩት ሰዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚቆጠረው የጄኔቩ መምህር ሮዶልፍ ቶፕፌር (1799–1846 እ.ኤ.አ.)፣ እንደ አባቱ ሠዓሊ ለመሆን ቢመኝም የዓይን ደዌ ስለ ከለከለው፣ በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ለነበሩት ደቀ መዛሙርትና ለወዳጆቹ ደስታ ሲል፣ ከላይ ሥዕል ከሥሩም የእጁን ጽሕፈት እያደረገ፣ አስቂኝ ታሪኮችን በደብተር ይስል ነበር። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአራት ማዕዘን ክፍል በክፍል ተስሎ ላየ ለአገራችን ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

ደብተሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው፣ በዕድሜው ፍጻሜ ላይ ከነበረው ከጀርመናዊው ባለቅኔ ከጎቴ ዘንድ ደረሱ፤ እርሱም እጅግ ተደስቶ ስላመሰገናቸው፣ ቶፕፌር በ1833 እ.ኤ.አ. «ሙሴ ዣቦ» የተባለውን አሳተመ።

የኅትመቱ ዘዴ ይልቁን ያስደንቃል፤ በማተሚያው ድንጋይ ላይ በቀጥታ የሚስል ሰው ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ መጻፍ ግድ ሲሆንበት፣ እርሱ ግን በተለየ ወረቀት ላይ በቅባታም ቀለም ስሎ ወደ ድንጋዩ ያሳርፈው ስለ ነበር፣ እኔ የሥራው ሕይወት ነው የምለው ያ ያልተስተካከለ መስመር፣ ቀራጭ በመካከል ሳይገባበት፣ ከእጁ እንደ ወጣ ከአንባቢው ፊት ይደርስ ነበር።