ከረመዳን ንባባችን ምን ቀረልን?

ረመዳን ሊሰናበተን የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። በመካነ ሰላምም ሆነ በለጋምቦ ደጋ፣ ከተራዊህ በኋላ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ «ስንተኛው ጁዝ ላይ ደረስክ?» የሚለው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁርአን 30 ጁዝ አለው። በሰፊው የተሰራጨው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ሲሆን፣ አንዱ ጁዝ 20 ገጽ ያህል ይሆናል። ከአምስቱ ሶላቶች በኋላ አራት አራት ገጽ የቀራ ሰው በወሩ መጨረሻ ያኸትማል።

ከቁጥሩ ጎን ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከቀራነው ምን ተረዳን? በሐዲስ እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሓባው ዐብደላህ ቢን ዐምር ቁርአንን በወር አንድ ጊዜ እንዲያኸትም መክረውት ነበር። «ከዚህ በላይ እችላለሁ» ሲል ጊዜውን ቢያሳጥሩለትም፣ ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ የሚያኸትም ሰው መልእክቱን እንደማይረዳው ነግረውታል።

ለመረዳት የሚያግዘን በእጃችን አለ። ሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ የቁርአን ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ ቤት ገብቷል። ከዚያ በፊትም የወሎ ሸሆች የዐረብኛውን ኪታብ እያነበቡ ፍቺውን ለደረሳዎቻቸው በአማርኛ ያስረዱ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ያቋቋሙት ጀማ ንጉሥ ከእነዚህ የዕውቀት ማዕከላት አንዱ ነው።

እነዚህ ዑለማዎች ሌላም ቅርስ ትተውልናል፤ አጀሚ። አጀሚ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ብዙ የወሎ መንዙማ በዚህ ጽሑፍ ተላልፏል። በአያቶች ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የእጅ ጽሑፍ ካለ፣ ማንበብ የሚችሉት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ሊነበብ ይገባል። እሳቸው ካለፉ ወረቀቱ ቢቀርም አነባበቡ ይጠፋል።

መድረሳ የሚውል ልጅ የዐረብኛውን ፊደል ያውቃል፤ አማርኛውም የአፉ ቋንቋ ነው። የጎደለው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አነባበቡን የሚያሳየው ሰው ነው። በቀሩት ምሽቶች ከኢፍጣር በኋላ አንድ ገጽ አብሮ ማንበብ ይቻላል። ልጁ ያንብብ፣ አያት ያርሙት፣ የከበደው ቃል በደብተር ይጻፍ። ኪታቡን ከእርጥበትና ከጢስ ማራቅ፣ ገጾቹንም በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ያልገባውን ለአካባቢው ሸህ ማሳየት ነው።

ንባቡ ከረመዳን ጋር መሄድ የለበትም። ከዒድ ማግስት ጀምሮ በቀን ሁለት የሙስሐፍ ገጽ ከነትርጉሙ የሚያነብ ቤተሰብ 604ቱን ገጽ በ302 ቀን ይጨርሳል። የሚመጣውን ረመዳን፣ አላህ ካደረሰን፣ አኽትሞ ይቀበለዋል።