ፈጥኖ መዞርና በርትቶ ማዞር አንድ አይደሉም

በካርቱም ባሕሪ፣ በጥቁር አባይ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው ካፉሪ ስሙን የወረሰው በዚያ ሰፊ እርሻ ከነበረው ከዓዚዝ ካፉሪ ነው። ዛሬ አብዛኛው ቦታ የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም ክፉኛ ጎድቶታል። ይሁን እንጂ ውሃን ከወንዝ ወደ ከፍተኛው መሬት የማውጣት ጉዳይ በካፉሪም ሆነ በጣና ዳር ለሚያርስ ሁሉ ያው አንድ ነው።

በሱዳን ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይሠራ የነበረው ሳቂያ የሚባለው ባለማሰሮ መንኰራኩር ነው። በሬዎቹ በረዥም እንጨት ተጠምደው በዝግታ ይዞራሉ፤ ዙራቸው ጥቂት ቢሆንም እንጨቱ ረዥም ስለ ሆነ የመጠምዘዝ ጉልበታቸው ብርቱ ነው። በአጭር መፍቻ አልላላ ያለ ብሎን በረዥም መፍቻ የሚፈታውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በናፍጣ የሚሠራው ፓምፕ ግን ውሃውን የሚገፋው በፍጥነት በመዞር ነው። የሞተር ኃይል የዙሩና የመጠምዘዝ ጉልበቱ ብዜት መሆኑን ማወቅ ይገባል። 15 ኪሎዋት፣ ይኸውም 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተር በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር የመጠምዘዝ ጉልበቱ 95 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከሞተሩ 20 ሴንቲሜትር ፑሌጃ ወደ ፓምፑ 10 ሴንቲሜትር ፑሌጃ በቺንጊያ ቢተላለፍ፣ ፓምፑ 3000 ጊዜ ይዞራል፤ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ፑሌጃ ኃይልን ይለውጣል እንጂ አይፈጥርም።

ወንዙ ዝቅ ብሎ ውሃው ሲቀንስ ብዙ ገበሬ የሚያደርገው ነዳጅ መጨመር ነው። ነገር ግን የፓምፑ ዙር በ20 በመቶ ሲጨምር፣ በጥቅሉ የሚጠይቀው የመጠምዘዝ ጉልበት 44 በመቶ፣ የሚጠይቀው ኃይል ደግሞ 73 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሞተሩ ይህን መሸከም ሲያቅተው ዙሩ ይወድቃል፤ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ይግላል። በዚህ መካከል ቡቃያው ይጠወልጋል፤ የዓመቱ ድካም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ስለ ሆነ፣ በተግባር ከ7 ሜትር በላይ መሳብ ይቸግረዋል። ከዚህ ሲያልፍ ዙር መጨመር በውስጡ የእንፋሎት አረፋ ፈጥሮ ብረቱን ከመብላት በቀር ውሃ አያመጣም። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ መትከል፣ የመሳቢያውን ቱቦ ቀዳዳ መድፈን፣ በሞተሩና በፓምፑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ዙር ማመሳከር ይገባል። የሞተር ጩኸት መብዛት የውሃ መብዛት ምልክት አይደለምና፣ አስተዋይ ገበሬ ነዳጅ ከመጨመሩ በፊት ቱቦውንና ፑሌጃውን ይመርምር።