ዓሣ ያለበት የጓሮ ኩሬና የወባ ትንኝ

እናቶች ሆይ፤ ለበጋ የሚሆን የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙበት ኩሬ በጓሮአችሁ ካለ፣ «ይህ ኩሬ ወባ ያመጣብናልና ይደፈን» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ጎረቤቱም እውነት አለው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው፤ ሙቀት ባለበት አገር እንቁላሉ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቢፈጅበት ነው። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደጋማ ቦታዎችን ሳይቀር ደርሶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ዛሬም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በሽታው ይበረታል።

ነገር ግን ውሃው ለጎመኑም ለከብቱም ያስፈልጋልና ኩሬውን ከመድፈን ዓሣ ማኖር ይሻላል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ፣ በተለይ ትንሽ ሳለ፣ የትንኝን እጭ፣ ማለት ያን በውሃው ላይ የሚወራጨውን ትል፣ ይበላል። ጫጩቱን ለማግኘት የቀበሌውን የግብርና ሠራተኛ ጠይቁ። ኩሬው አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውና በበጋ የማይደርቅ ይሁን። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ኩሬ 200 ጫጩት ይበቃል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይቀለባል፤ በብርድ አገር ግን ቶሎ አያድግም። ቆሮሶ ወላድ ስለሆነ ኩሬውን ሞልቶ ይቀጭጫል፤ ካደገ በኋላ ጥቂት አምባዛ ቢጨመርበት አምባዛው ትንንሾቹን እየበላ ያሳሳዋል።

ታዲያ ዓሣ ገባ ብሎ መተኛት አይገባም። የወባ ትንኝ አብልጣ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ጥልቀት የሌለውን ውሃ ነው። ላም ልትጠጣ መጥታ በጭቃው ላይ የረገጠችው ኮቴ ውሃ ሲቋጥር ለትንኝ በቂ ቤት ነው፤ ዓሣው ደግሞ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ከብቱን ውሃ ቀድታችሁ በገንዳ አጠጡ እንጂ ኩሬው ዳር አታስጠጉ። በየሳምንቱ ኮቴውን በአፈር ሙሉ፤ ወደ ውሃው የገባውን ሣር እጨዱ። ከዳሩ በነጭ ሳህን ውሃ ጨልፋችሁ ተመልከቱ፤ በውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ የሚታየው እጭ የወባ ትንኝ ነው፤ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው።

እንቁራሪቶችንም ልጆች በድንጋይ አይምቷቸው፤ ነፍሳት ይበላሉ እኮ! ዓሣ ለመያዝ ብላችሁ ብርብራ ወቅጣችሁ አትጨምሩ፤ ትልቁንም ትንሹንም ይፈጃል። አጎበሩም ለመኝታ እንጂ ለዓሣ ማጥመጃ አልተሰጠም፤ ይህን እየደጋገምን መናገራችን ስለምናየው ነው።

በኩሬው አጠገብ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር አይደረግ፤ ቢልሃርዚያ በውሃ ቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ። ዓሣውም በደንብ ሳይበስል አይበላ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ነው። ላስቲኩ ስለሚያንሸራትት የወደቀ ልጅ መውጫ የለውም፤ ዋና የሚችል ትልቅ ሰው እንኳ ይቸገራል። ዙሪያውን በእሾህ አጥሩ፤ በሩንም ዝጉ። ደግሞም ቋጠሮ ያለው ጠንካራ ገመድ በችካል አስራችሁ፣ ጫፉ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ በሁለት ወገን ልቀቁት።